ደረቁን እንጨት ስለ ማጉበጥ

ጊታርን የሚያመሰግን ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያመሰግነው ፊቱን ነው፤ ድምፁ ከዚያ ይወጣልና፥ ቀዳዳውም፥ በቀዳዳው ዙሪያ የተለበጠው ጌጥም፥ ክሮቹ የሚታሰሩበት ድልድይም በዚያ ይገኛሉና። ከፊቱ ቀጥሎ ጀርባው ይመሰገናል፤ ሰፊ ስለ ሆነ የእንጨቱ ሥዕል ተዘርግቶ ይታይበታል። አንገቱንም ተጫዋቹ በእጁ ስለሚይዘው ያውቀዋል፤ ሲመቸው ያወድሰዋል፥ ሳይመቸው ያማዋል። ጎኑን ግን የሚያነሣው የለም። በፊትና በጀርባ መካከል ቆሞ፥ ከአንገት ሥር ተነሥቶ በትከሻ፥ በወገብና በዳሌ ዞሮ ከታች ከመሰሉ ጋራ የሚገናኘው፥ ውፍረቱ ከ2 ሚሊሜትር ብዙ የማያልፈው ያ ቀጭን ሳንቃ ከሠሪው በስተቀር ወዳጅ ያለው አይመስልም። እኔን ግን ስለዚህ መሣሪያ ካነበብሁትና ካሰብሁት ሁሉ ይልቅ ልቡናዬን ይዞ ያስቀረኝ ይኸው ያልተመሰገነው ክፍል ነው፤ በጊታር ሥራ ውስጥ ከሁሉ የሚያሰጋው ድካም ከሁሉ ያነሰ በሚሰማው ክፍል ላይ የሚውልበት ምክንያት ምን እንደ ሆነ መመርመር የሚገባ ይመስለኛል።

ሠሪው ሥራውን የሚጀምረው ከአንድ ግንድ በተከታታይ ከተሰነጠቁ ሁለት ሳንቃዎች ነው። ሁለቱ በግንዱ ውስጥ ጎረቤት ሆነው ያደጉ ናቸውና፥ ጎን ለጎን ሲዘረጉ የአንዱ መልክ የሌላው ግልባጭ ሆኖ ይገኛል፤ አንዱ የቀኝ፥ ሁለተኛው የግራ ጎን ይሆናሉ። ርዝመታቸው 80 ሴንቲሜትር፥ ስፋታቸው 10 ሴንቲሜትር ያህል ነው። ሠሪው በመላጊያ እያሳሳ፥ ውፍረቱን በካሊብሮ እየለካ ያቀጥናቸዋል፤ ሲጨርስም ሳንቃው አንድ ጫፉን ይዘው ቢያነሡት ሌላው ጫፍ የሚርገበገብ፥ ምንም ነገር ሊሸከም የማይችል ስስ ነገር ሆኖ ይቀራል። ይህ ሁሉ ከመሆኑ በፊት ግን እንጨቱ ፀሐይ በማይመታው፥ አየር በሚመላለስበት ስፍራ ለዓመታት ተደርድሮ መድረቅ አለበት።

በዚህ ስፍራ ከአበው ምክር ጋራ ጥቂት መከራከር ሊኖርብኝ ነው። «ሳይርቅ በቅርቡ፥ ሳይደርቅ በርጥቡ» የሚለውን ተረት ሳይሰማ ያደገ ኢትዮጵያዊ አይገኝም፤ ጠብ ሳይከር እንድንታረቅ፥ ልጅን ጠባዩ ሳይጠነክር እንድንገሥጽ፥ በሽታ ሥር ሳይሰድ መድኃኒት እንድንፈልግ የተመከርነው በዚህ ቃል ነው። ተረቱ ስለ እንጨት የሚናገረው እውነት አለው፤ ርጥብ ቀንበጥ በጣት ይጎብጣል፥ የደረቀ ግን ይሰበራል። የጊታር ሠሪ ይህን እውነት ጠንቅቆ እያወቀ ተቃራኒውን ያደርጋል። ገና ውሃውን ያልጨረሰ እንጨት ሲቀርብለት አይቀበልም፤ ርጥብ እንጨት እየደረቀ ሲሄድ ይኮማተራልና፥ ሲኮማተርም በሁሉ አቅጣጫ በእኩል አይደለምና፤ በቁመቱ ከቶ የማይታወቅ ያህል ጥቂት፥ በአግድሙ ግን ለዓይን እስኪታይ ድረስ ያጥራል። ስለዚህ በርጥብነቱ የተቀበለው ቅርጽ ውሃው በወጣ ቁጥር ይጣመማል፥ ይሰነጠቃል፥ ከተጣበቀበትም ይላቀቃል። ርጥቡ ቶሎ ይታዘዛል እንጂ ቃሉን አይጠብቅም። የደረቀው ግን መለወጥ የሚገባውን ያህል አስቀድሞ ተለውጦ ያበቃ፥ ባሕርዩ የታወቀ ነው፤ ሊታመን የሚችለውም እርሱ ነው። የቀረው ችግር ደረቅ እንጨት በምን እሺ ይላል የሚለው ሲሆን፥ መልሱ እሳት ነው።

መሣሪያው እጅግ ተራ ነው። ቅርጹ ጥቂት ሞላላ የሆነ አንድ የብረት ቧንቧ ከሥራው ጠረጴዛ ላይ በሞርሳ ይታሰራል፤ በቀድሞ ዘመን በውስጡ ፍም ይጨመርበት ነበር፥ ዛሬ የጋዝ ነበልባል ወይም ኤሌክትሪክ ያግለዋል። እንጀራ ጋጋሪ ሊጡን ሳታፈስ ምጣዷን እንደምትፈትን፥ ሠሪውም ሳንቃውን ሳያስጠጋ በጣቱ ውሃ ይረጭበታል፤ ጠብታው ባረፈበት ቢፈላ ብረቱ ገና ነው፥ ሳያርፍ እየዘለለ ቢሮጥ ጊዜው ደርሷል። ሳንቃውንም በውሃ ያረጥበዋል፤ ይህ ውሃ ግን ለዓመታት የተባረረውን ርጥበት ለመመለስ የታሰበ ሳይሆን፥ የብረቱን ትኩሳት በእንፋሎት አማካይነት ወደ ውስጥ ለማድረስና የሳንቃው ፊት እንዳያርር ለመከላከል ነው። ከዚህ በኋላ የወገቡን ምልክት ከብረቱ ላይ ያኖራል። ብዙዎች ከወገብ ይጀምራሉ፤ ጥምዘዛው በዚያ ጠባብ ነውና፥ መሰበሩ የማይቀር ከሆነም ብዙ ሳይደከምበት በመጀመሪያው ይሰበር ዘንድ።

ሁለቱን ጫፎች በሁለት እጁ ይዞ ሳንቃውን በብረቱ ላይ ወዲህና ወዲያ በዝግታ ያመላልሰዋል፤ ይደገፈዋል እንጂ አይገፋውም። ውሃው ከብረቱ ጋራ ሲገናኝ ይጮኻል፥ እንፋሎቱ ወደ ፊቱ ይወጣል፥ እንጨቱም የተሰወረ ሽታውን ይገልጣል፤ ሮዝውድ ከሆነ በአውሮፓ ቋንቋዎች የጽጌረዳ ስም ያሰጠው ጣፋጭ መዓዛ፥ ሳይፕረስ ከሆነ (እኛ የፈረንጅ ጥድ የምንለው ወገን ነው) ብርቱ የሙጫ ሽታ ቤቱን ይሞላዋል። ለጥቂት ጊዜ ምንም አይሆንም። እንጨቱ ይቃወማል፤ ተቃውሞውም በሁለቱ መዳፎች ላይ በእኩል ይሰማል። ከዚያ በኋላ ሳንቃው በድንገት ይላላል። ይህችን ቅጽበት ከአጠገቡ ቆሞ የሚመለከት ሰው በዓይኑ አያያትም፤ የምታውቃት የያዘችው እጅ ብቻ ናት። ከዚህች ቅጽበት አስቀድሞ የተጫነ ይሰብረዋል፤ ከእርስዋ በኋላ የዘገየ ያቃጥለዋል፥ ወይም ውሃው ያልቅና እንጨቱ እንደ ገና ይጠነክርበታል። ሥዕሉ እጅግ የሚያምር፥ ክሩ የሚሞገድ እንጨት ሲሆን ደግሞ ጭንቀቱ ይበዛል፤ ሞገዱ ከሳንቃው ፊት ጋራ በሚቆራረጥበት ስፍራ ሁሉ የክሩ ጫፍ ለመነሣት ዝግጁ ሆኖ ይጠብቃልና። ሜፕል በዚህ የታወቀ ነው። የእንጨት ውበት ለሠሪው ብዙ ጊዜ መከራው ነው።

በእንጨቱ ውስጥ የሚሆነውን ነገር የተፈጥሮ ሊቃውንት መርምረውታል። እንጨት ረጃጅም ክሮች አሉት፥ ክሮቹንም እርስ በርሳቸው የሚያያይዝ ሊግኒን የሚባል ነገር አለው፤ ሊግኒን በቅዝቃዜ ጊዜ ግትር፥ ርጥበት አግኝቶ ወደ ውሃ መፍያ ትኩሳት ሲቃረብ ግን ልስልስ ነው። በለሰለሰ ጊዜ ክሮቹ ሳይበጠሱ አንዱ በሌላው ጎን ይንሸራተታሉ፤ ሲቀዘቅዝ በደረሱበት ስፍራ ይያዛሉ። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ግልጥ ነው። የበለጠ የሚያስደንቀው የሚከተለው ነው፤ ሳንቃ ሲጎብጥ የውስጠኛው ፊቱ ይጨመቃል፥ የውጭኛው ፊቱ ይለጠጣል፤ የሞቀ እንጨትም መጨመቅን እጅግ ሲታገሥ መለጠጥን ግን አይችልም፥ ከመቶ 1 ወይም 2 እጅ ካለፈበት ይቀደዳል። ስለዚህ ጠንቃቃ ሠሪ ከሳንቃው ውጭ በኩል ስስ የብረት ቅጠል ደግፎ ሁለቱን አንድ ላይ ያጎብጣቸዋል፤ እንጨቱ ከውስጥ የሚመጣበትን ይሸከማል፥ ከውጭ የሚመጣበትን ግን ሌላ እንዲሸከምለት ያስፈልገዋል።

ይህን ምሥጢር ወደ ትልቅ ሀብት የለወጠው ሚካኤል ቶኔት ነው። ቶኔት በ1796 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በራይን ወንዝ ዳር ባለችው በቦፓርድ ተወለደ፤ አናጢ ነበር፤ በኋላም በቪየና ሆኖ በእንፋሎት የለሰለሰ ቀጭን ወጥ እንጨት በብረት ቅጠል ታስሮ እንዲጎብጥ በማድረግ በ1859 ቁጥር 14 የሚባለውን፥ እስከ ዛሬ በየቡና ቤቱ የሚታየውን ወንበር አወጣ። የሚደንቀው፥ በዚያው በ1796 በሳክሶኒ አገር በማርክኖይኪርኸን አንድ የአናጢ ልጅ ተወልዶ ነበር፤ ስሙ ክርስቲያን ፍሬድሪክ ማርቲን ይባላል። እርሱም በቪየና የጊታርን ሥራ ተምሮ ወደ አገሩ ቢመለስ፥ የቫዮሊን ሠሪዎች ማኅበር ጊታር መሥራት ለእኛ ብቻ የተገባ ነው እያለ የቤት ዕቃ አናጢዎችን በክርክር አስጨነቃቸው። ማርቲን በ1833 ወደ ኒውዮርክ ተሰደደ፥ ጥቂት ዓመታት ቆይቶም ወደ ፔንሲልቬንያዋ ናዝሬት ሄደ። አናጢ ወደ ናዝሬት ቢሄድ ለእኛ ለክርስቲያኖች እንግዳ ነገር አይደለም፤ ቤቱ ግን እስከ ዛሬ በዚያው ጊታር እየሠራ መኖሩ ቢያስደንቅ ይገባል። የማኅበሩ ክርክር ከሩቅ ሲታይ የእንጀራ ጠብ ነው፤ ሆኖም ከጠቡ በስተ ጀርባ አንድ ጥያቄ ተሰውሮ ነበር፤ ሣጥን የሚሠራ እጅ ዜማን ያውቃል ወይ የሚለው ጥያቄ። የጊታር ጎን ደግሞ ነገሩን በእውነት ከተመለከቱት የሣጥን ግድግዳ ነው።

ከአናጢዎች ወደ ፈላስፎች ብንሻገር፥ እንጨትን በሌላ ዓይን የሚያዩ ሆነው እናገኛቸዋለን። አርስጣጣሊስ ስለ ሥነ ምግባር በጻፈው መጽሐፍ በሁለተኛው ክፍል፥ ወደ አንድ ወገን ማዘንበሉን ያወቀ ሰው የተጣመመ እንጨት የሚያቀኑ ሰዎች እንደሚያደርጉት ራሱን ወደ ተቃራኒው ወገን ይጎትት ዘንድ ይመክራል። ካንትም በ1784 ባወጣው ስለ ዓለም ታሪክ በሚናገር ጽሑፉ፥ ሰው ከተሠራበት ጠማማ እንጨት ፈጽሞ ቀጥ ያለ ነገር ሊወጣ እንደማይችል ይናገራል። አንዱ ተስፋ ያደርጋል፥ ሁለተኛው ይጠራጠራል፤ ነገር ግን በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ለሁለቱም መጉበጥ ጉድለት፥ መቅናት ፍጹምነት ነው። ፍልስፍና እንጨትን ለምሳሌ በጠራችው ቁጥር የምትጠራው ልታቀናው ነው። ነቢያትም ስለ መንገድና ስለ ልብ ሲናገሩ ከዚህ የራቀ ምሳሌ አልመረጡም፥ የእኛም የዕለት ንግግር ከእነርሱ የተለየ አይደለም። እነዚህን ታላላቅ ሰዎች ላርማቸው የምነሣ አይደለሁም፤ ስለ ግድግዳ ምሰሶና ስለ ወለል ሳንቃ የተናገሩት ትክክል ነው። ሆኖም አንዳቸውም ጊታር ሲሠራ ቆመው ያዩ አይመስለኝም። በዚያ የሥራ ቤት ቀጥ ያለው እንጨት ገና ያልተጀመረው ነውና።

ምክንያቱም ያ ቀጥ ብሎ ሳለ ሲርገበገብ የነበረው ስስ ሳንቃ፥ ትከሻና ወገብ ዳሌም ከተበጀለት በኋላ ቀዝቅዞ ቅርጹን ከያዘበት ፎርማ ሲወጣ በጠርዙ ይቆማል፤ ጠርዙን በእጅ ቢጫኑት አይታጠፍም። ክብደት አልተጨመረበትም፥ ውፍረትም አልተጨመረበትም። የጸናው በመጉበጡ ብቻ ነው። ግንበኞች ይህን በቅስት ያውቁታል፤ ነገር ግን ቅስት ከብዙ ድንጋዮች ይሠራል፥ እያንዳንዱም ድንጋይ ራሱ ሳይጎብጥ በስፍራው ይቀመጣል። እዚህ ግን አንዱ አካል ራሱ ተለውጦ ጸና። ቁስ ቅርጽን እንደ ሰም ማኅተም ዝም ብሎ ይቀበላል የሚለው የቀደሙት ትምህርት እዚህ ላይ የሚጎድለው ነገር አለ፤ ሳንቃው ራሱ በውስጡ የተሸከመው የክር ሥርዐት አለውና፥ ሠሪው የሚያደርገው ያን ሥርዐት ሳይቆርጥ በአዲስ መንገድ መምራት ነው።

ይህ ከእኛ ልማድ ጋራ ሲተያይ ልዩነቱ ይጎላል። እኛ የፈልፋዮች ልጆች ነን፤ ላሊበላን ያየ ሰው ይህን ይመሰክራል። ከአንድ ወጥ እንጨት የሚፈለፈለው የበገና ገበቴም ከዚሁ አሳብ የወጣ ነው፤ ጠራቢው በግንዱ ውስጥ ያለውን ትርፍ እያስወገደ ባዶውን ያገኘዋል፥ ድምፅም በዚያ ባዶ ውስጥ ያድራል። ሊቃውንቱ ገበቴውን በእመቤታችን መመሰላቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ባዶ ሆኖ መጠበቅን ከእርስዋ በላይ የሚያስተምር የለምና። ነገር ግን በመፈልፈል የተገኘ ጥምዘዛ የእንጨቱን ክር በየስፍራው ይቆርጠዋል፤ ስለዚህ እንዳይሰነጠቅ ግድግዳው ወፈር ማለት አለበት። ለበገና ከባድ ድምፅ ይህ የተስማማ ነው። ጊታር ግን ያለ ቁርበት በቀጭን የእንጨት ፊት የሚናገር መሣሪያ ነው፤ ቀላል መሆን አለበት፥ በቀላልነቱም የክሮቹን ብርቱ ስበት መቻል አለበት፤ ይህን ሁለቱን በአንድነት የሚሰጠው ክሩ ሳይቆረጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚዞር ጎን ነው።

እንግዲህ ጎን ለዜማው ምን ያህል ያዋጣል? ለዚህ ጥያቄ እጅግ ድፍረት የተሞላበትን መልስ የሰጠ አንቶኒዮ ዴ ቶሬስ ነው። ቶሬስ በ1817 በደቡብ ስፔን በአልሜሪያ አጠገብ ተወለደ፥ በ1892 ሞተ፤ እርሱም እንደ ሌሎቹ በአናጢነት የጀመረ ሲሆን፥ ዛሬ ክላሲካል ጊታር የምንለው መሣሪያ መጠንና አሠራር ከእርሱ እጅ የወረስነው ነው። በ1858 በሴቪያ በተደረገው ኤግዚቢሽን ሜዳልያ ያገኘችው ጊታሩ ጎንዋና ጀርባዋ ያጌጠ ሜፕል ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ፥ በ1862፥ ይህ በጌጠኛ እንጨት የተመሰገነ ሰው ጎንዋና ጀርባዋ ካርቶን የሆነ ጊታር ሠራ። ፊትዋ ብቻ በሙሉ ጥንቃቄ የተሠራ እውነተኛ የእንጨት ፊት ነው። አሳቡን ለማስረዳት ከዚህ የበለጠ ሐተታ አላስፈለገውም፤ የጊታር ድምፅ ከፊቱ ነው፥ ሌላው ቤት ነው። ያቺ ጊታር ዛሬ በባርሴሎና የሙዚቃ ሙዝየም ትገኛለች።

ይህን ታሪክ የሚናገሩ ብዙዎች ከዚህ ላይ ያቆማሉ፥ ጎን ከንቱ እንደ ሆነ ተረጋግጧልና ውድ እንጨት መፈለግ ሞኝነት ነው ይላሉ። እኔ ግን ቶሬስ ራሱ ከዚያ በኋላ ያደረገውን መመልከት ይሻላል እላለሁ፤ እስከ ዕለተ ሞቱ ጎን በእሳት ሲያጎብጥ ኖረ እንጂ ወደ ካርቶን አልተመለሰም። ደግሞም ያቺ የካርቶን ጊታር ጎን የላትም ማለት አይደለም። የካርቶን ጎን አላት፤ ካርቶኑም በትከሻ፥ በወገብና በዳሌ ዞሮ፥ ፊቱን ከጠርዙ ይዞ ቆሟል። ቶሬስ የለወጠው ቁሱን ነው፤ ቅርጹን ግን ሊተው አልደፈረም፥ ሊተወውም አይችልም ነበር። ፊት የሚርገበገበው ጠርዙ ስለ ተያዘ ነው፤ ጠርዙ ያልተያዘ ስስ ሳንቃ ኃይሉ ይባክናል። እንግዲህ የጎን ግብር መናገር ሳይሆን ለሚናገረው ወሰን መሆን ነው፤ ወሰንም ሥራውን አሳምሮ ሲሠራ አይሰማም። ይህን አሳብ ከቶሬስ በተቃራኒ መንገድ እስከ መጨረሻው የወሰደው በእኛ ዘመን አውስትራሊያዊው ግሬግ ስሞልማን ነው፤ ፊቱን እስከሚቻል አቅጥኖ፥ ጎኑንና ጀርባውን ግን ከድርብርብ ሳንቃ ወፍራምና ከባድ አድርጎ ይሠራል፤ የክሮቹ ኃይል ወደ ጎን ሳይፈስ በፊቱ ላይ እንዲቀር። በማድሪድም ሦስተኛው ሆሴ ራሚሬስ ከሮዝውዱ ጎን በስተ ውስጥ ሳይፕረስ እያጣበቀ ድርብ ጎን ይሠራ ነበር። ካርቶንና ወፍራም ድርብርብ ሳንቃ እንዴት ከአንድ አሳብ ይወጣሉ ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር፥ ሁለቱም ጎን በራሱ ቃል እንዳይናገር የተደረጉ ናቸው ብዬ እመልስለታለሁ። ከሁለቱ ማንኛው የተሻለ ድምፅ እንደሚሰጥ ግን ሰሚዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ ክርክሩም እንዲያልቅ የሚመኝ ያለ አይመስልም።

ስለ ቶሬስ አንድ ሌላ ነገር ተጽፏል። በሸመገለ ጊዜ ወዳጁ የነበረ አንድ ካህን ከብዙ ዓመታት በኋላ በደብዳቤ እንደ ገለጠው፥ የሙያውን ምሥጢር ሳያወርስ እንዳይሞት ሲለመን፥ ምሥጢሩ በአውራ ጣቱና በጠቋሚ ጣቱ መካከል ያለ ስሜት እንደ ሆነና ሊያወርሰው ቢወድም እንደማይችል ተናገረ። ቃሉ የተነገረው ስለ ፊቱ ሳንቃ ነው። ይሁን እንጂ በጋለው ብረት ላይ የምትመጣዋ ያች ቅጽበት ከዚሁ ዕውቀት ወገን ናት። መምህር ለደቀ መዝሙሩ ትኩሳቱን በዲግሪ፥ ውፍረቱን በሚሊሜትር ሊነግረው ይችላል፤ እንጨቱ እሺ ያለበትን ጊዜ ግን ሊነግረው አይችልም፥ እጁን በእጁ ላይ ጭኖ አብሮ መጠበቅ ብቻ ይቀረዋል። የዜማ መምህራን ዝማሜን ለተማሪ የሚያስተላልፉት ከዚህ በተለየ መንገድ ይመስላችኋልን?

ዛሬ በብዙ ፋብሪካዎች ሳንቃው በኤሌክትሪክ በሚግል ልብስ ተጠቅልሎ በፎርማ ላይ ይጫናል፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥም ጎብጦ ይወጣል። ይህን ለመንቀፍ አልቸኩልም፤ እንጨቱ የሚለሰልሰው በትኩሳትና በርጥበት እንጂ በሠሪው ቅድስና አይደለም፥ ሁለቱም ጎኖች ፈጽሞ እንዲመሳሰሉ ለማድረግም መጫኛው ከእጅ ይበልጣል። የሚጎድለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መጫኛው እያንዳንዱን ሳንቃ አይጠይቅም። የሚሰበረው ሳንቃ ከተሰበረ በኋላ ይታወቃል።

ይህም የሚያሳስበው ሳንቃው ውድ ሲሆን ነው። የብራዚል ሮዝውድ ከረጅም ዘመን ጀምሮ ለጎንና ለጀርባ ከሁሉ የተመረጠ ሆኖ ኖሮ ደኑ ስለ ተመናመነ፥ ለመጥፋት የተቃረቡ እንስሳትና ዕፀዋት ንግድን የሚወስነው ዓለም አቀፍ ስምምነት በ1992 ንግዱን አጥብቆ ከለከለው፤ በ2017 መጀመሪያ ደግሞ ሮዝውድ የሚመደብበት የዳልበርጂያ ወገን በሙሉ በቍጥጥር ሥር ገባ፥ ከብራዚሉ ሮዝውድ በቀር ከዚህ ወገን ተሠርተው ላለቁ የሙዚቃ መሣሪያዎች ግን በ2019 ይቅርታ ተደረገላቸው። በአፍሪካ ቆላማ ስፍራዎች፥ በእኛም አገር ጭምር የሚበቅለው፥ ክላሪኔት የሚሠራበት ጥቁር እንጨት ከዚሁ ወገን ነው። አንዳንድ ሠሪዎች ለጊታር ጎን ያውሉታል፤ ክብደቱና ጥንካሬው ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ቶሬስ በካርቶን ያስተማረው ትምህርት ከድምፅ ይልቅ ለደን ይበልጥ ሳይጠቅም አልቀረም ብዬ አንዳንድ ጊዜ አስባለሁ፤ ገዢዎች ግን በጆሮአቸው ብቻ ሳይሆን በዓይናቸውም ስለሚገዙ ትምህርቱ ቶሎ አልተሰማም።

ስለ ደረቁ እንጨት ታማኝነት ከላይ የተናገርሁት ሳይብራራ እንዳይቀር አንድ ነገር መጨመር አለብኝ። ሳንቃው ከብረቱ ላይ ሲነሣ ጥቂት ወደ ቀድሞው ይመለሳል፤ ይህን የሚያውቅ ሠሪ ከሚፈለገው በጥቂቱ አብልጦ ያጎብጠውና በፎርማ ውስጥ በሞርሳ አስሮ ያሳድረዋል። በማግሥቱም መመለሱ ፈጽሞ አይቀርም፤ የቀረውን የሚይዙት ከላይ የአንገቱ ሥር፥ ከታች የጭራው እንጨት፥ በዙሪያውም ስፔናውያን ጎኑን ከፊቱ ጋራ ለማያያዝ አንድ በአንድ በሙጫ የሚያኖሯቸው ባለ ሦስት ማዕዘን ትናንሽ እንጨቶች ናቸው። ፊቱና ጀርባው ሲከደኑ ጎኑ ይረጋል፤ ብዙ ዓመትም ረግቶ ይኖራል። ነገር ግን ያረጀ ጊታር ለጥገና ሲመጣና ጀርባው ወይም ፊቱ ሲነሣለት፥ ጎኑ ከወገቡ ወይም ከዳሌው ላይ በጥቂት ሚሊሜትር ሊከፈት ይችላል፤ እሳቱ ያሳመነው ክር ከነበረበት ወገን የሚመጣውን ጥሪ ፈጽሞ አልረሳም ማለት ነው። ስለዚህ ልምድ ያለው ጠጋኝ ክዳኑን በቢላ ማላቀቅ ከመጀመሩ በፊት የጊታሩን ዙሪያ በወረቀት ላይ በእርሳስ ይነድፋል፥ በዚያም ንድፍ ልክ የውጭ ፎርማ ቆርጦ ያዘጋጃል፤ ይህን ሳያደርግ የከፈተ ሰው ክዳኑን መልሶ ሊገጥም በሚያመጣበት ቀን ጠርዙ ከጎኑ ጋራ አልገጥም ብሎት፥ ጎኑን በሞርሳ ወደ ውስጥ እየሳበ፥ እንደ ገናም እየለካ ሲደክም ይውላል።